ከጤና ኬላ የሚወጣ ቁጥር

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። የሪፖርት ቁጥር ግን እያደረ ራሱን የሚያጠራ አይደለም። በአንድ ቀበሌ የተሳሳተ አኃዝ ወደ ወረዳ፥ ከወረዳ ወደ ክልል፥ ከክልልም ወደ አዲስ አበባ እየተደመረ ሲወጣ፥ ስሕተቱን ሊያውቅ የሚችለው ሰው እያነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ዛሬ በጋምቤላ ክልል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስለሚሰበስቡት ቁጥር ጥቂት ለመናገር ወደድን።

ይህ አገልግሎት በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ዓላማው ጤናን እስከ ሕዝቡ ደጅ ማድረስ ነበር። ሠራተኞቹ በየቤቱ እየዞሩ ነፍሰ ጡሯንና ሕፃኑን በቤተሰብ ማኅደር ይመዘግባሉ፤ የሥራቸውንም ድምር በየጊዜው ለጤና ጣቢያ ያስረክባሉ። ክትባት፥ የወባ መድኃኒትና አጎበር ሲታደል ይህ ድምር አንዱ መነሻ ነው።

ድምሩ ሲሳሳት ብዙ ሰው ወዲያው «ቁጭ ብለው ሞሉት» ብሎ ሠራተኞቹን ይወቅሳል። እንዲህ ያለው ነገር ፈጽሞ የለም አንልም። ነገር ግን ችግሩ ብዙ ጊዜ ከእነርሱ እስክሪብቶ በፊት የሚጀምር መስሎ ይታየናል።

የክትባት ሽፋን የሚባለው የተከተቡትን ሕፃናት ቁጥር በቀበሌው ይኖራሉ ለተባሉት ሕፃናት ቁጥር በማካፈል የሚገኝ ነው። ታዲያ ይህ አካፋይ ቁጥር በጋምቤላ ከየት ይመጣል? በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 307,096 ነበር። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ ስላልተደረገ የሚሠራው በግምት ነው። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. የደቡብ ሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ በክልሉ የተጠለሉት ስደተኞች ከ300 ሺህ በልጠዋል። ከመጠለያ የመጣች እናት በቀበሌው ጤና ኬላ ልጇን ብታስከትብ፥ ክትባቱ ይቆጠራል፤ ልጁ ግን በቀበሌው ግምት ውስጥ የለም። በበጋ ደግሞ የኑዌር ከብት አርቢ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ወንዝ ዳር ሲወርድ፥ ልጁ በግምቱ ውስጥ አለ፤ በመንደሩ ግን የለም። እንግዲህ አንዱ ቀበሌ ከመቶ በላይ፥ ሌላው ከግማሽ በታች ቢያስመዘግብ በሠራተኞቹ ላይ ብቻ ሊፈረድ ይገባልን?

ነገሩ የጋምቤላ ብቻ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በመላው አገር በየቤቱ በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፥ ሦስተኛውን የፔንታቫለንት ክትባት ያገኙት ሕፃናት ከመቶ 53 ነበሩ። በዚያው ዘመን ከጤና ተቋማት ተደምሮ የወጣው ሪፖርት ግን ከ90 በላይ ይል ነበር። ልዩነቱ ሁሉ ሐሰት ነው ባይባልም፥ ያልተከተበ ሕፃን በሪፖርት ከትክትክ አይድንም።

መዝገቡ ወደ ኮምፒዩተር ከተዛወረ ይበቃል የሚሉ አሉ። መልካም ነው፤ ነገር ግን መሣሪያው የሰጡትን ፈጥኖ ይደምራል እንጂ ያልተቆጠረውን ሕፃን ፈልጎ አያመጣም።

እንደ እኛ አስተያየት መድኃኒቱ ሦስት ነው። መጀመሪያ፥ ሠራተኞቹ ከአገር ሽማግሌዎችና ከመምህራን ጋር ሆነው የየቀበሌያቸውን ቤት በየዓመቱ ይቁጠሩ። ሁለተኛ፥ ከሌላ ቀበሌም ሆነ ከመጠለያ የመጣ ሁሉ ለብቻው ይመዝገብ። ሦስተኛውና ዋናው፥ ሪፖርቱን የሚቀበለው ሹም አነስተኛ ቁጥር ሲመጣለት አይቆጣ፤ ምክንያቱን ይጠይቅ። ዛሬ ስለ ትንሽ ቁጥር የተገሠጸ ሠራተኛ በሚመጣው ወር ትልቅ ቁጥር ይዞ ይመጣልና።

ትምህርታችሁን ጨርሳችሁ ወደየወረዳው የምትሄዱ ወጣቶች ሆይ! ነገ ይህ ሪፖርት ከጠረጴዛችሁ ላይ ይደርሳል። ፊርማችሁን ከማኖራችሁ በፊት ቢያንስ አንዱን ጤና ኬላ ሄዳችሁ እዩ፤ ማኅደሩንም ከፍታችሁ ከቤቱ ጋር አስተያዩ። ትንሽ ሆኖ እውነተኛ የሆነ ቁጥር የጎደለውን ያሳያል፤ የጎደለውም ሲታወቅ ነው መድኃኒቱ ወደሚገባው መንደር የሚሄደው።