ፍጥነትም ሜዳ ይፈልጋል

እሁድ ጠዋት ገላን ኮንዶሚኒየም አካባቢ ካለ አንድ ላቫጆ ደጃፍ የሰማነው ክርክር፣ ድምፁን ከሩቅ ለሰማ ሰው የአርሰናልና የማንቸስተር ነበር የሚመስለው። ቀረብ ስንል ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘነው። አንደኛው ወገን ሞላዋ ተቆርጦ ዝቅ ያለችውን፣ ሰፋፊ ጎማ የለበሰችውንና ማርሚታዋ የተቀየረውን የድሮ ኮሮላ ዲኤክስ ይደግፋል። ሌላኛው ደግሞ ኮሽ ሳትል ገብታ የምትታጠበውን የኤሌክትሪክ ቮልስዋገን። «ሞተሯ የማይጮህ መኪና፣ መኪና ናት እንዴ?» ይላል የዲኤክስ ደጋፊ። «ጩኸት ጎል አይሆንም!» ይመልስለታል ያኛው።

ሁለቱም የሚሉት አላቸው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1979 ማምረት የጀመራት ኬኢ 70፣ እኛ ዲኤክስ የምንላት፣ ሞተሯ 1300 ሲሲ እንኳ አይሞላም። ነገር ግን ክብደቷ ከአንድ ቶን በታች ነው፣ የሚገፋትም የኋላ እግሯ ነው። ከእሷ በኋላ የመጣው የኮሮላ ትውልድ በአብዛኛው ወደ ፊት እግር ዞሯል። ካርቡራተር እንጂ ኮምፒውተር የላትም። መፍቻ የጨበጠ ልጅ በራሱ እጅ ፈትቶ የሚገጥማት መኪና ናት። በየሰፈሩ ስንቱ መካኒክ ሙያውን የጀመረው በእሷ ላይ ነው! ይሄ ፍቅር የሚናቅ አይደለም።

ኤሌክትሪኳም ብትሆን የዋዛ አይደለችም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ሰፈሩን የሞላችው እሷ ናት። ቮልስዋገን አይዲ 4 ፕሮ ከ200 በላይ የፈረስ ጉልበት አላት፤ የዲኤክስ ሞተር የዚህን ግማሽ አይሞላም። ፍሪሲዮን የለ፣ ማርሽ መቀያየር የለ፣ እግር መስጫው ላይ እንዳረፈ ጉልበቱ ከች ነው። ታዲያ ከባትሪዋ ጋር ክብደቷ ከሁለት ቶን በላይ ነው። ሁለት ቶን ተነስቶ ለመሄድ ባይቸገርም ለመቆም ይቸገራል።

እኛ ክርክሩ ላይ አንድ ጥያቄ ጣል አደረግን። እ.ኤ.አ. በ2021 የኬንያው ሳፋሪ ራሊ ከ19 ዓመት በኋላ ወደ ዓለም ሻምፒዮና ሲመለስ ማን አሸነፈ? መልሱ ፈረንሳዊው ሴባስቲያን ኦዢየ ነው፣ የነዳው ደግሞ ቶዮታ ያሪስ። ያሪስ ማለት ጃፓን ውስጥ ቪትዝ ተብላ ስትሸጥ የኖረችው፣ አዲስ አበባን ያጥለቀለቀችው፣ የላቫጆው ተከራካሪ ሁሉ የሚስቅባት መኪና ናት! የራሊዋ ሞተር 1600 ሲሲ ብቻ ነው፤ ከዲኤክስ በ300 ሲሲ ገደማ ቢበልጥ ነው። ግን በተርቦ እየተነፋ 380 ገደማ የፈረስ ጉልበት ይወጣዋል፣ አራቱም እግሯ ይገፋል። ልብ በሉ፣ መሐንዲሶቹ ጉልበት ብቻ ጨምረው አልተዋትም። ፍሬኗን አሳድገዋል፣ ውስጧን በብረት አጥረዋል፣ ሞላዋን ደግሞ እንደ እኛ ልጆች በመቁረጥ ፈንታ ረዥም አድርገውታል። ጎማ መሬት ካልያዘ ጉልበት ምን ይሠራል? የተቆረጠ ሞላ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር መኪናዋን ያነጥራታል፤ በዚያች ቅጽበት መሪውም ፍሬኑም ለስም ብቻ ነው።

ነገሩን ወደምናውቀው ሜዳ እናምጣው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ይጓዛል፤ ከፍጹም ቅጣት ምት ነጥብ እስከ ጎሉ መስመር ማለት ነው። በ60 ሲሄድ በአንድ ሰከንድ የፍጹም ቅጣት ምት ክልሉን ከጫፍ እስከ ጎሉ ይጨርሳል። ይህ ሾፌሩ «ወይኔ!» ብሎ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ብቻ ነው። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የፍሬን ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። በደረቅ አስፋልትና በደህና ጎማ እንኳ በ120 የሚበር መኪና እስኪቆም 105 ሜትሩን ሜዳ ከጎል እስከ ጎል አልፎ ይሄዳል።

ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከገላን ትንሽ ወጣ ሲሉ ቱሉ ዲምቱ ላይ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ ይጀምራል። 85 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በአንድ አቅጣጫ ሦስት ረድፍ፣ ጣሪያው 120። «እስኪ እንሞክራት» ለሚል ልጅ ፈተና ነው። ከዚህ የባሰው ግን ወደ ሰፈር ሲመለስ ነው። በብሎኮቹ መሀል ሁለት ድንጋይ ጎል አድርገው ኳስ የሚጫወቱ ሕጻናት አሉ። ዲኤክሷ ስትመጣ ቢያንስ ትሰማለች፣ ልጆቹም ኳሳቸውን አንስተው ዞር ይላሉ። ኤሌክትሪኳ ስትመጣስ?

«መኪና መውደድ ይቁም» የሚል ሰው የእኛን ሐሳብ አልያዘም። ኳስንም እኮ ሜዳ፣ መስመርና ዳኛ ስላላት ነው ስፖርት የምንላት። እ.ኤ.አ. በ1953 የተጀመረው ሳፋሪ ራሊም ለረዥም ዘመን ክፍት በሆነ የሕዝብ መንገድ ላይ ተሮጦበታል፤ በ2021 ሲመለስ ግን ናይቫሻ አካባቢ በተዘጋ መንገድ ነው። እኛስ መንገድ መዝጋት አንችልም? ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በሚል በእሁድ ጠዋት ዋና ዋና ጎዳናዎችን ዘግተን አይተነዋል። ለእግረኛ የተዘጋ መንገድ በዓመት ለጥቂት ቀን ለእነዚህ ልጆች ቢዘጋላቸው ምን ይለዋል? ራስ ላይ ሄልሜት፣ ዳር ላይ አምቡላንስ፣ መነሻው ላይ ደግሞ ፍሬንና ጎማ የሚመረምር መካኒክ ይኑር። ፍሬኑ ያላለፈ፣ ሞተሩ የፈለገውን ያህል ይጩህ፣ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ይቀመጥ።

እስከዚያው ለላቫጆው ወዳጆቻችን አንድ አደራ አለን። ለማርሚታ ያሰባችሁትን ብር አስቀድማችሁ ለፍሬን ሸራና ለጎማ አውሉት። ክርክሩም ይቀጥል፣ እኛም እሁድ መጥተን እንሰማለን። ብሎኮቹ መሀል ስትገቡ ግን ዝግ በሉ። እዚያ ያለው ጨዋታ የልጆቹ ነው፣ ሜዳውም የእነሱ ነው።