በአንድ ገል አታብሏቸው

በደብረ ወርቅ አብራችሁኝ ያረጃችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ዛሬ የማስጠነቅቃችሁ ስለ ድመቶቻችን ነው። ነገሩ ትንሽ የመሰለው ካለ ይታገሠኝ፤ የእህላችንም የልጅ ልጆቻችንም ጉዳይ አለበት።

ከቢቸና እስከ ሞጣ ጤፍና ስንዴ ወቅቶ ጎተራ የሞላ ሁሉ ድመት ያኖራል። አንዲቷ አትበቃም ተብሎ ሦስትም አራትም የሚያኖር አለ። ማኖሩ ደግ ነው፤ የምናበላቸው አኳኋን ነው የከፋው። ማታ ከገበታ የተረፈው ሁሉ በአንድ ገል ተደፍቶ ምድጃው ዳር ይቀመጣል። ያን ጊዜ ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱ። ጉልበተኛዋ ጆሮዋን ወደ ኋላ አስተኝታ፣ በትከሻዋ ገሉን ሸፍና ትውጣለች። ሌሎቹ ከመደቡ ሥር ሆነው ይጠብቃሉ። አንዷ ደፍራ ትጠጋና ጥፍር ቀምሳ ትመለሳለች። ተራቸው ሲደርስ ገሉ ተልሶ ደርቋል።

እኛ ወፍራሟን «ሆዳም» ብለን እንረግማለን። እኔን የሚያስፈራኝ ግን የከሲታዎቹ ነገር ነው። በቤቷ ያልበላች ድመት ጎረቤት ትዞራለች፤ ጎረቤት ደግሞ የአይጥ መርዝ አለ። ዚንክ ፎስፋይድ የሚባለው ግራጫ ዱቄት አይጧ ሆድ ውስጥ ሲገባ መርዘኛ ጋዝ ይሆናል፤ መርዙ በሆዷ ያለባትን አይጥ የበላች ድመትም ልትሞት ትችላለች። ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉት ሌሎች መርዞች ደግሞ ይብሳሉ። አይጧ ወዲያው አትሞትም፤ ለቀናት እየደከመች ትንከላወሳለች፤ ለተራበች ድመት ከዚህ የቀለለ አደን የለም። እንዲህ እያለ የሰፈሩ ድመት ሲያልቅ አይጡ ይበዛል፤ አይጡ ሲበዛ መርዙ ይጨመራል።

ሌሊት የምትዞር ድመት ካበደ ውሻ ጋርም ልትጋጠም ትችላለች። የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ንክሻ ይተላለፋል። ልጅ ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ አጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ አድርሱት። ሥር ቀጥቅጦ ከሚያጠጣ ዘንድ ወስዳችሁ ቀን አታባክኑ፤ በሽታው አንዴ ከጀመረ አይመለስም።

ስለ ጾሙም ልናገር። በዐቢይ ጾም ከቤታችን የሚተርፈው እንጀራና ሽሮ ነው። ድመት ደግሞ ያለ ሥጋ መኖር የማትችል ፍጥረት ናት። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ከእንስሳ ገላ ካላገኘች ዓይኗ ይጠፋል፣ ልቧም ይደክማል፤ ይህን የውጭ አገር ሐኪሞች በፈረንጅ አቆጣጠር በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ አረጋግጠውታል። እንጀራ ስታግበሰብስ የምታዩዋት ድመት የሚያስፈልጋትን አጥታ ሊሆን ይችላል። በነነዌ እንስሳትም ከሰው ጋር ጾመዋል ብሎ የሚከራከረኝ አይጠፋም። የነነዌ ጾም ሦስት ቀን ነው፤ ይህኛው ሃምሳ አምስት ነው። ለሕፃናት ያልከለከልነውን ለድመትም አንከልክል፤ ትንሽ እንቁላል ወይም ቁራጭ ሥጋ ይሰጣት።

ከሁሉ ይልቅ ወጡን ተጠንቀቁ። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ደም ያፈርሳሉ፤ ቢበስሉም ቢደርቁም ያው ናቸው። ወጥ የነካው ፍትፍት በአንድ ገል ሲደፋ አብዛኛውን የምትውጠው ያችው ጉልበተኛ ናት። ድዷ ነጥቶ፣ ትንፋሿ አጥሮ ብታዩዋት ቡዳ በላት አትበሉ።

ወፍራሟን ለመቅጣት ብላችሁም አታስርቧት። በጆንያ ከትታችሁ ገበያ ማዶ አትጣሏት፣ ጓዳም አትዝጉባት። የወፈረች ድመት ለጥቂት ቀናት እህል ካልቀመሰች ስቧ ወደ ጉበቷ ይጎርፍና ዓይኗና ድዷ ቢጫ ይሆናል፤ ብዙዎቹ ከዚያ አይተርፉም። ምግቧን ቀንሱ፤ ግን በሳምንታት፣ ቀስ በቀስ። ጎኗን በመዳፋችሁ ዳስሱ፤ የጎድን አጥንቷ በእጅ መታወቅ አለበት። ብዙ እየበላች የምትከሳ ከሆነች ደግሞ ትል ወይም ሌላ በሽታ ይዟታልና ለእንስሳት ሐኪም አሳዩዋት።

መፍትሔው ወጪ የለውም። ለእያንዳንዷ የራሷ ገል ይኑራት። ወፍራሟን ከገሏ ጋር ጓዳ አስገብታችሁ እስክትጨርስ በሩን መልሱ፤ ለከሲታዎቹ እሷ መዝለል በማትችለው ቆጥ ላይ አስቀምጡላቸው። ሁሉም በአንድ ሰዓት፣ ጠዋትና ማታ ጥቂት ጥቂት ይብሉ። ሲጨርሱ ገሉን አንሡ፤ የተረፈ አታሳድሩ።

ድመት ከጠገበች አይጥ አትይዝም የሚለውን ያረጀ ነገር ተዉት። ድመት የምታድነው ስለ ረሃቧ ብቻ አይደለም፤ መንኩሳም አመሏን አትረሳ ያልነው እኛው ነን። በቤቷ የጠገበች ድመት ጎተራችሁ ሥር ታድራለች፤ የተራበችው ግን የት እንደምታድር አታውቁም።

በመጨረሻ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። መርዝ ማስቀመጥ የግድ የሆነባችሁ ካላችሁ ከማስቀመጣችሁ በፊት ግራና ቀኝ ላለው ጎረቤት ተናገሩ፤ ጠዋትም የሞተውን አይጥ ለቅማችሁ ልጅና ከብት በማይደርስበት ቦታ በጥልቅ ቅበሩ።