ስንፍና ነው ለሚሉ

ዲላ ውስጥ ቡና ስንጠጣ አንድ የተማረ ወዳጄ «ድባቴ የከተሜ በሽታ ነው፤ ገበሬ ድብት የሚልበት ጊዜ የት አለው?» አለኝ። ድባቴ በሽታ ነው ወይስ ስንፍና የሚለውን ጠብ ታውቁታላችሁ፤ «ዛሬም?» እንዳትሉኝ። አዎ፣ ዛሬም።

ወዳጄ ጌዴኦ፣ ገደብ ወረዳ ያለችውን ወርቃን አያውቅም። በ2010 ዓ.ም. ከጌዴኦና ከምዕራብ ጉጂ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ሲፈናቀል፣ ቀርጫ ወረዳ የነበረው ቤቱ ተቃጥሎበት ወርቃ ወንድሙ ዘንድ የገባ ገበሬ አውቃለሁ። ለቀማ ሲደርስ ቅርጫቱን ይዞ ከሰው ጋር ይወጣል። ከዚያ ቡናው ሥር ይቀመጣል። እሸቱ ከራሱ በላይ ቀልቶ ተንጠልጥሏል፤ እሱ አንዲት ፍሬ ሳይለቅም ይመሻል። ጎረቤት «ሰነፈ» አለ። ሌላው «ጸበል ይወሰድ» አለ፤ ይወሰድ፣ ማን ከለከለ? ሐኪም ያለ ግን አልነበረም።

ሐኪም ቢጠየቅ ነገሩን ከአንጎል ይጀምር ነበር። አንጎል ውስጥ ነርቭ ከነርቭ የሚነጋገርበት ሲናፕስ የሚባል መገናኛ አለ። የዬል ዩኒቨርሲቲው ሮናልድ ዱማንና ባልደረቦቹ በላብራቶሪ አይጦች ላይ እንዳዩት፣ ለረጅም ጊዜ የሰነበተ ጭንቀት በፊተኛው የአንጎል ክፍል ያለውን ሲናፕስ ያሳሳዋል። በፈረንጆቹ 2010 ያወጡት ጥናት ደግሞ አንድ ጊዜ የተሰጠ ኬታሚን በ24 ሰዓት ውስጥ አዲስ እንደሚያበቅል አሳየ። በ2019 እዚያው ዩኒቨርሲቲ የሰው አንጎል በምስል ሲታይ፣ ድባቴው የበረታባቸው ሰዎች ሲናፕስ ሳስቶ ተገኘ። እንግዲህ ይሄም ስንፍና ነው?

ኬታሚን ማለት እኮ ሐኪም ቤቶቻችን ለቀዶ ጥገና ሰመመን ሲሰጡት የኖሩት መድኃኒት ነው! ሂዱና ተወጉ ማለቴ አይደለም፤ ደም ግፊት ይጨምራል፣ ያቃዣል፣ ሱስም ያስይዛል። የአንድ መርፌ ፋታም ብዙውን ጊዜ ከሳምንት ሁለት ሳምንት አያልፍም። ደግሞስ ሲናፕሱ ቢያቆጠቁጥ፣ የተቃጠለውን ቤት የትኛው መርፌ ይሠራዋል? ጣሪያ ሳይመለስለት አንጎሉ ብቻ እንዲመለስ የምንጠብቀው በምን ሂሳብ ነው? ስለ ቆርቆሮ የማይነሳበት የድባቴ ስብሰባ ለኔ ግማሽ ስብሰባ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ኬታሚን አይደለም። ፍሉኦክሴቲንና አሚትሪፕቲሊን የቆዩና ርካሽ መድኃኒቶች ናቸው፤ ለመሥራት ሳምንታት ስለሚፈጁ መሀል ላይ ማለቅ የለባቸውም። ዲላ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ባለሙያዎችን ያስተምራል። የገደብ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ይህን ካነበባችሁ፣ አንዱን ወርቃ መድቡልን።