የቅባት ዕቃን በቤት ስለ ማጠብ

በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግ፤ ስለ ጓዳ ሥራና ስለ ልብስ አያያዝ ስንጽፍ ኖረን ዛሬ ወደ ግሪስና ወደ ጥላሸት ብንመለስ ክቡራን አንባቢዎቻችን ሳይደነቁ አይቀሩም። ነገሩ ግን ከጋራዥ ወጥቶ ወደ ቤታችን ደጃፍ ገብቷልና ዝም ልንለው አልቻልንም።

በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ለዳግማዊ ምኒልክ ወደ አዲስ አበባ ባመጣ ጊዜ፤ አውቶሞቢል የቤተ መንግሥት ዕቃ ነበረ። ዛሬ በሐዋሳ መሃል ከተማ ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ በየግቢው ያድራል። ባጃጅ ያደረበት ግቢም ሞተር መፍታትና ማጠብ አይቀርለትም።

ባለፈው ክረምት በዚሁ በመሃል ከተማ አንድ ወዳጃችን ቡና ጠርቶን ሄደን ነበር። ልጁ በበረንዳው ላይ ቤንዚን በሳፋ ቀድቶ ካርቡራተር በጥርስ ብሩሽ ያጥባል፤ እመቤቲቱም ከእርሱ ስምንት እርምጃ ያህል ርቀው ከሰሉን ያራግባሉ። ማንም ክብሪት ሳይጭር ሰማያዊ ነበልባል ከምድጃው ተነሥቶ በምድር ላይ እየሮጠ ሳፋው ውስጥ ገባ። አንድ ጎረቤት ውሃ ሊደፋበት ሲል እመቤቲቱ ከለከሉትና የራሰ ጆንያ አለበሱት፤ እሳቱም ታፍኖ ጠፋ። የልጁ ቀኝ እጅ ግን እስከ ክንዱ ተቃጠለ።

እሳቱ በምድር ላይ እንዴት ሮጠ ቢሉ፤ የቤንዚን እንፋሎት ከአየር ይከብዳልና ወደ ላይ አይበንንም፤ እንደ ውሃ ዝቅተኛውን ስፍራ እየፈለገ ይሳባል። ብርዱ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ቢሆን እንኳ እሳት የሚቀበል እንፋሎት ይሰጣል። ነጭ ጋዝ ግን ሙቀቱ ወደ 38 ዲግሪ ካልደረሰ እንዲህ ያለ እንፋሎት በቀላሉ አይሰጥም። ውሃ መድፋትም የማይገባው ቤንዚን በውሃ ላይ ስለሚንሳፈፍና እሳቱ ስለሚሰፋ ነው። እመቤቲቱ ይህን ከማን እንደ ተማሩት ብንጠይቃቸው፤ ዘይት በድስት ሲያያዝ ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል አሉን።

እንግዲህ በቤት የሚሠራው ማጠቢያ እንደሚከተለው ነው። 200 ሊትር ከሚይዝ በርሜል በወርዱ ለሁለት የተቆረጠውን ግማሽ ይገዙና በብረት እግር ላይ ያቆሙታል። ነዳጅ የነበረበትን በርሜል ግን በቤት በብየዳ እሳት መቁረጥ አይገባም፤ ባዶ የሚመስለው በርሜል በውስጡ በቀረው እንፋሎት ይፈነዳልና። ከታቹ አንድ የቧንቧ መክፈቻ ይበየድለታል። መጀመሪያ 20 ሊትር ውሃ፤ በላዩም 20 ሊትር ነጭ ጋዝ ይጨመርበታል። ነጭ ጋዝ ከውሃ በአምስት አንድ እጅ ያህል ይቀላልና ከላይ ይቀመጣል። ከውሃው ሁለት ጣት ከፍ አድርገው ወንፊት የመሰለ የብረት መደርደሪያ ይገጥማሉ፤ ዕቃው በዚያ ላይ ሆኖ በብሩሽ ሲታሽ አሸዋውና ጭቃው በነጭ ጋዙ አልፎ ውሃው ውስጥ ይሰጥማል። አድሮ ሲረጋ ዝቃጩን በመክፈቻው ያወርዱታል፤ ነጭ ጋዙም ለብዙ ጊዜ ያገለግላል።

ትልቁ ነገር ክዳኑ ነው። በአሜሪካ ጋራዦች ባለው ማጠቢያ ክዳኑን ደግፋ የያዘች፤ በ70 ዲግሪ ገደማ የምትቀልጥ ትንሽ ብረት አለች፤ እሳት ሲነሣ ትቀልጥና ክዳኑ በራሱ ወድቆ እሳቱን ያፍናል። በእኛ ግቢ ደግሞ ከባዱን የቆርቆሮ ክዳን በማጠፊያ ገጥሞ በጥጥ ክር ወደ ላይ ማሰር ይቻላል፤ ክሩ ሲቃጠል ክዳኑ ይወድቃል። ክሩን በሽቦ የተካ ሰው ግን ክዳኑን ከንቱ አደረገው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ መርጫም አንወድም፤ ብልጭታው ያሠጋናል።

ነጭ ጋዝ ያልወደደ ሰው በሙቅ ውሃና በሳሙና ቢያጥብ መልካም ነው፤ ሐዋሳ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናትና ውሃዋ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ለግሪስ ግን ይበቃል። ኮስቲክ ሶዳ ያጠራል ሲባል የሰሙም ይጠንቀቁ፤ የሞተሩ አካል አሉሚኒየም ከሆነ ሶዳው ይበላዋል፤ ሲበላውም የሚነድ ሃይድሮጅን ይወጣል። የፍሬን ሸራ ነጭ ጋዝ አይንካው፤ ቅባት የቀረበት ፍሬን አይዝም።

ዝቃጩ ወዴት ይደፋ? ብዙ ሰው ወደ ቦይ ይደፋዋል፤ እኛም አንድ ቀን ደፍተን እናውቃለን። ነገር ግን የሐዋሳ ሐይቅ የጥቁር ውሃን ወንዝ ይቀበላል እንጂ በምድር ላይ መውጫ የለውም፤ የገባበት ቅባት ወደ ሌላ አገር አይሄድለትም። በማለዳ በአሞራ ገደል ቆሮሶና አምባዛ የምንገዛው ከዚሁ ሐይቅ ነው። ስለዚህ ዝቃጩን በሰጋቱራ አስመጥጦ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ማኖርና የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስቡ ሰዎች መስጠት ይሻላል።

ወይዛዝርት ሆይ፤ አንድ ነገር በተለይ ለእናንተ እንናገራለን። ነጭ ጋዝ በለስላሳ ጠርሙስ በቤት አይቀመጥ። የተጠማ ሕፃን ውሃ መስሎት ይጠጣዋልና። ይህ ደርሶ ከሆነ ሕፃኑን ለማስመለስ አትሞክሩ፤ ሲያስመልሰው ወደ ሳንባው ይገባና የባሰ ይጎዳዋል፤ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

ወዳጃችን በርሜሉን ከኩሽናው ተቃራኒ፤ ነፋስ በሚያገኘው በግቢው ጥግ አቁሞታል። ልጁም እጁ ድኖለት ሥራውን ጀምሯል። ባለፈው ሳምንት ስንሄድ የጥጡን ክር በአዲስ ሲለውጥ አገኘነው፤ እናቱ በየወሩ መጀመሪያ ያስለውጡታል።