የዲስኮች ማኅበርና የጠባቂው ትጋት
እ.ኤ.አ. በ1988 ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ የተባሉ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት፣ ዋጋቸው ዝቅ ያለ ብዙ ዲስኮችን በአንድ ማኅበር አቁሞ እንደ አንድ ታላቅ ዲስክ ማሠራት እንደሚቻል በጽሑፍ ካስረዱ ወዲህ፣ ሬይድ የተባለው ይህ ሥርዓት ልዩ ካርድ ሳያሻው በሶፍትዌር ብቻ እየተመራ እስከ ትንሹ ቢሮ ሰርቨር ደርሷል፤ ነገር ግን ብዙ ኃላፊዎች፣ ዲስኮቹ አንድ ጊዜ ከተጣመሩ በኋላ ጠባቂ የማያሻቸው ይመስላቸዋል።

በሊኑክስ ላይ ሬይድ 5 በተባለው የሥርዓቱ ዓይነት ከተቋቋመ ማኅበር አንድ ዲስክ ቢሞት፣ የጎደለው ከቀሩት ተሰልቶ ስለሚገኝ ሥራው አይቋረጥም፤ ተጠቃሚውም ምንም አያውቅም። ኤምዲስታት የተባለውን ፋይል ከፍቶ ያየ ሰው ግን፣ ለእያንዳንዱ ጤናማ ዲስክ «ዩ» የምትባለው የላቲን ፊደል ቆማ፣ በሟቹ ቦታ ሰረዝ ብቻ ተጋድማ ያገኛል።

እኔ አስቀድሜ የምመክረው ወርኃዊ ምርመራን ነው፤ ለዓመታት ሳይነበብ በኖረ የዲስክ ክፍል ያለው ኅቡእ ብልሽት የሚገለጠው፣ ሌላው ዲስክ ሞቶ መልሶ ግንባታው በተጀመረባት ክፉ ሰዓት ነውና። ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ሥርጭት ይህን ምርመራ በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ያካሂዳል፤ ለማሽን ሰንበት አልተሠራለትም። የሚያቃስተውንም ዲስክ ነቅሎ ከመጣል፣ አዲሱን አስገብቶ ኤምዲአድም በተባለው የሬይድ ማስተዳደሪያ ፕሮግራም የመተካት ትእዛዝ መስጠት ይሻላል፤ አሮጌው ይዘቱ ተቀድቶ እስኪያልቅ ድረስ በማኅበሩ ይቆያልና።

ይሁንና ጸሐፊ በስሕተት የሰረዘውን መዝገብ ዲስኮቹ ሁሉ በፍጹም ታዛዥነት አብረው ስለሚሰርዙት፣ በሌላ ሕንጻ የተቀመጠ መጠባበቂያ ቅጂ የሌለው መሥሪያ ቤት፣ ተጨማሪ ዲስክ ለመግዛት ከመፈረሙ በፊት ለዚሁ ቅጂ ገንዘብ ይመድብ።