ደም ያልደረሰው ዐፅም

ከደጋ ወደ መተማና ወደ ቋራ ቆላ ለሰሊጥ አጨዳ የወረደ ጎልማሳ፣ ከትራክተር ተሳቢ ላይ ወድቆ ቅልጥሙ በተሰበረ ጊዜ፣ አስቀድሞ የሚጠራለት ወጌሻ ነው፤ ይህም ከድንቁርና የመጣ ሳይሆን፣ የጎንደር ሆስፒታል ከመተማ ዮሐንስ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ሳለ፣ ወጌሻው ግን በመንደሩ ውስጥ ስለሚገኝና እጁም ብዙ ወለምታ ስለ መለሰ ነው።

አጥንት ልዩ ጸጋ ያለው አካል ነው፤ ቆዳ ቆስሎ ሲድን ጠባሳ ሲተው፣ አጥንት ግን ስብራቱን በአዲስ አጥንት ይሞላል። የዚህንም ምሥጢር ሥር የሶቪየት ኅብረቱ ሊቅ አሌክሳንደር ፍሪደንሽታይን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ በመቅኔ ውስጥ አጥንት የሚያበቅሉ ሕዋሳት፣ ማለትም ግንደ ሕዋሳት፣ መኖራቸውን በማሳየት ገለጠው። በዚያው አቆጣጠር በ2001ም የኢጣልያ ሐኪሞች ከሕሙማን መቅኔ ቀድተው፣ ግንደ ሕዋሱን በቤተ ሙከራ አባዝተው፣ ከአጥንት ማዕድን ጋር አንድ ባሕርይ ባለው ባለ ብዙ ቀዳዳ ማዕቀፍ ላይ ዘርተው፣ በ3 ሰዎች ላይ ከ4 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር የጎደለውን የእጅና የእግር አጥንት እንደ ሞሉ አስታወቁ። ይሁን እንጂ ሕክምናው እስከ ዛሬ የዘወትር ሕክምና ለመሆን አልበቃም፤ ካገዱትም ነገሮች ዋነኛው፣ በማዕቀፉ መካከል የተቀመጠው ሕዋስ የደም ሥር ደርሶ ሳይመግበው መሞቱ ነው።

እነሆ፣ በዚያ ቤተ ሙከራ ሊቃውንቱን ያስቸገረው፣ ደም ያልደረሰው ሕዋስ ይሞታል የሚለው ሕግ በመተማም ይሠራል። ወጌሻው ስብራቱን የሚደግፍበት የቀርከሃ መቃ አለልክ ጠብቆ የታሰረ እንደ ሆነ፣ ሥጋው እያበጠ፣ ማሰሪያው ግን እንደ ጸና ይቀራልና፣ ደሙ ይታገዳል፤ ጣት መጀመሪያ ይቀዘቅዛል፣ ቀጥሎ ይደነዝዛል፣ በኋላም ይጠቁራል፤ ሊጠገን ይችል የነበረውም እግር በመጋዝ ይቆረጣል። ከተቆረጠ በኋላ የትኛውም ግንደ ሕዋስ አይመልሰውም። በአገራችን ለወጌሾች የተሰጠ አጭር ትምህርት በዚህ ምክንያት የሚቆረጡትን እንደ ቀነሰ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 በሕክምና መጽሔት ታትሞ ወጥቷል፤ በእኔ አስተያየት ከዚህ ቆላ ችግር ጋር በቅርብ የሚገናኘው ጥናት ይህ ነው።

አዲሱ ጥበብ ለእኛ ሩቅ ነው ማለቴ ግን አይደለም። የጎንደር ሐኪሞች ከዚሁ ቆላ የሚመጣውን የካላዛር ሕመምተኛ ለመመርመር ከጣፊያው ወይም ከመቅኔው ናሙና መቅዳትን ለምደዋል፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ይህን የእጅ ልምድ ወደ አጥንት ጥገና ምርምር ቢያዘነብለው ደስታዬ ታላቅ ነው። እስከዚያው ግን የምዕራብ ጎንደር ጤና ኃላፊዎች፣ የሰሊጡ አጨዳ ሳይደርስ፣ ወጌሾቹን በክብር ወደ ገንዳ ውኃ ጠርተው፣ ማሰሪያን ማላላትን፣ የጣትን ሙቀት እየዳሰሱ መመርመርን፣ አጥንቱ ቆዳ ሰንጥቆ የወጣበትንም ሰው ሳያስሩ በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል መስደድን ያስተምሯቸው ዘንድ እማጸናለሁ።