ግራጫውን ቤቱ ውስጥ የሚኖር ሰው ይምረጠው

ከናይሮቢ ወደ ሞያሌ፣ ከሞያሌ ወደ ሐዋሳና አዲስ አበባ የምንመላለስ ሰዎች ከሸቀጣችን ጎን የቤተሰብ አደራም እንይዛለን። ድሮ አደራው ጫማና መድኃኒት ነበር፤ አሁን የግድግዳ ቀለም ተጨምሯል። ያውም ግራጫ። አሜሪካ ያለችው እህት ሁለት ፎቶ ትልክና «ከእነዚህ አንዱን ፈልጉልኝ፣ የእማዬ ሳሎን ይቀባ» ትላለች። እናት ስልኩን ራቅ አድርገው ይይዙና «ምን ልዩነት አላቸው? ሁለቱም አመድ ናቸው» ይላሉ። ወንድም ሦስተኛ ፎቶ ያመጣል። ከዚያ በኋላ በቤተሰቡ ግሩፕ ውስጥ ሳምንት ሙሉ ሌላ ወሬ የለም።

እኛ በዚህ ነገር አቋም አለን። ገንዘቡን የላከ ሰው ይመስገን፣ ይመረቅም፤ ግራጫውን ግን እዚያ ቤት ውሎ የሚያድር ሰው ይምረጠው። ይህን የምንለው ለሽምግልና ያህል አይደለም። የግራጫ ጠባይ ራሱ ከሩቅ ሆኖ መምረጥን ስለማይፈቅድ ነው።

ከአሜሪካ ስማቸው የሚላክልንን ሁለቱን እንውሰድ። ሸርዊን ዊሊያምስ የተባለው ቀለም አምራች አግሪያብል ግሬይ እና ሪፖዝ ግሬይ የሚላቸው ሁለት ቀለሞች አሉት። የመጀመሪያው ቁጥሩ 7029፣ ሁለተኛው 7015 ነው። አምራቹ ለእያንዳንዱ ቀለም ብርሃን የመመለስ መጠኑን ከ0 እስከ 100 ባለው ልክ ያወጣል፤ 0 ድፍን ጥቁር፣ 100 ንጹሕ ነጭ ማለት ነው። አግሪያብል 60 ነው፣ ሪፖዝ 58። ሁለት ነጥብ! በድምቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ እናታችን እውነታቸውን ነው፣ ልዩነት የላቸውም።

ልዩነቱ ያለው ከግራጫው ሥር በተደበቀው ቀለም ላይ ነው። ለዚህ ከቀለም ካታሎግ ይልቅ የአባቶቻችን የከብት መልክ ስም ይሻላል። አግሪያብል ወደ ቡላ ያደላል፣ ሞቅ ያለ ነው። ሪፖዝ ወደ ዳለቻ ይጠጋል፣ ቀዝቀዝ ይላል፤ አንዳንድ ብርሃን ሲያገኘው ደግሞ ወይን ጠጅ ነገር ብልጭ ይልበታል። ለየብቻቸው ሲታዩ ይህ አይታወቅም። ሁለቱን ናሙና ነጭ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው ግን ወዲያው ይለያሉ። (ስሞቹማ ምንም አይነግሩም። አንዱ «ተስማሚ» ነው፣ አንዱ «ዕረፍት»። ለሻይ ቤት የሚሆን ስም ነው።)

አሁን ይህን ልዩነት በፎቶ መላክ ይቻላል? አይቻልም። የስልክ ካሜራ ግራጫ ሲያይ የብርሃኑን ቀለም በራሱ ግምት ያስተካክላል። ያንኑ ግድግዳ መስኮት አጠገብ ቆመው ቢያነሱት አንድ፣ አምፖል ሥር ቢያነሱት ሌላ ይሆናል። ተቀባዩ ዘንድ ሲደርስ ደግሞ የእሱ ስክሪን የራሱን ይጨምርበታል። ለቀይና ለሰማያዊ ይህ ብዙም አይጎዳም። ለሁለት ተቀራራቢ ግራጫ ግን ዋናው ነገር እንዳለ የጠፋው እዚህ ላይ ነው።

«ፎቶውን ተዉት፣ ቁጥሩን ስጡትና ባለ ማሽኑ ይቀምመው» የሚሉ አሉ። ናይሮቢም አዲስ አበባም ቀለም በማሽን የሚቀምሙ ሱቆች አሉ፤ ሥራቸውንም አንነቅፍም። ነገር ግን የአንድ አምራች ቅመም የተሠራው ለራሱ ቤዝ ነው። የሌላው ቤዝ ንጣቱም ውፍረቱም ሌላ ነው፣ የሚጨመረው ማቅለሚያም እንዲሁ። ስለዚህ ባለ ሱቁ ሊሰጥዎ የሚችለው «ቅርብ» የሆነውን ነው። ችግሩ፣ ሁለቱ ግራጫዎች ራሳቸው እጅግ የተቀራረቡ ናቸው። «ቅርብ» የተባለው ቀለም ከዋናው የሚርቀው ሁለቱ እርስ በርስ ከሚራራቁት በላይ ሊሆን ይችላል። አግሪያብል ብለው ያዘዙት ከሁለቱም ያልሆነ ሦስተኛ ሆኖ ይመጣል፤ ሳምንት ሙሉ የተከራከርንበት ምርጫ ጭራሽ ባልዲው ውስጥ የለም። ለእኛ ክርክሩን የሚዘጋው ይህ ነው።

ሁለተኛው የማይሻገር ነገር ፀሐይ ናት። የአሜሪካ ምክር ሁልጊዜ «ሰሜን የሚያይ ክፍል ቀዝቃዛ ስለሆነ ሞቃት ግራጫ ስጠው፣ ደቡብ ለሚያይ ቀዝቃዛውን» ይላል። እዚያ ልክ ነው፤ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ናት። እኛ ዘንድ ግን አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል በሰሜን ናት፣ ናይሮቢ ደግሞ ከምድር ወገብ ትንሽ በደቡብ። አዲስ አበባ ላይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ ናይሮቢ ላይ የዓመቱን ግማሽ ያህል እንዲሁ ናት። ስለዚህ ያ ምክር እዚህ አይሠራም። ለእኛ ቤት የሚበጀው ጥያቄ መስኮቱ ምሥራቅ ነው ወይስ ምዕራብ የሚለው ነው። ምዕራብ የሚያይ ሳሎን ከ10 ሰዓት በኋላ ወርቃማ ብርሃን ይሞላዋል፤ ያ ቡላ ግራጫ እዚያ ላይ ወደ ቢጫ ሊሄድ ይችላል፣ ዳለቻው ግን ያምርበታል። ምሥራቅ የሚያየው ጠዋት ሞቆ ከሰዓት በኋላ ይቀዘቅዛል፤ እናት ከሰዓት ቡና የሚያፈሉት እዚያ ከሆነ ቡላው ይሻላቸዋል።

ግቢውንም አይርሱ። ከመስኮቱ ፊት ቀይ አፈር ካለ፣ ቀይ ብርሃን ወደ ቤት ይመልሳል። ጥቅጥቅ ያለ አትክልት ካለ አረንጓዴ ይመልሳል። የጎረቤት አጥር ሰማያዊ የተቀባ ከሆነም ግራጫዎ ድርሻውን ይወስዳል። ግራጫ እንግዳ ተቀባይ ነው፣ የመጣውን ሁሉ ያስገባል።

ከሁሉ በላይ ግን አምፖል። እኛ ዘንድ ሳሎን በደንብ የሚታየው ማታ ነው፤ ቤተሰብ የሚሰበሰበው፣ እንግዳ የሚመጣው ማታ ነው። የአምፖሉን ካርቶን ይመልከቱ። 6500 የሚል ከሆነ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነው፤ 3000 የሚል ከሆነ ቢጫ፣ ሞቅ ያለ ነው። በየሱቁ በብዛት የምናገኘው የመጀመሪያውን ነው። በ6500 አምፖል ሥር፣ በዚያ ላይ ነጭ ሴራሚክ ወለል ካለ፣ ዳለቻው ግራጫ ክሊኒክ ያስመስላል። እኛ እንዲህ ላለው ቤት ያለ ማመንታት ቡላውን እንላለን። አምፖሉን ለመቀየር ፈቃደኛ ከሆኑ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እንዲያውም አንዳንዴ የቀለም ጠብ የሚፈታው በአምፖል ነው።

ታዲያ እንዴት ይወሰን? የላከችው እህት ሁለት ትምረጥ፣ ከሁለቱ አንዱን ቤት ያሉት ይምረጡ። ከእያንዳንዱ ትንሹን ቆርቆሮ ይግዙ። ግድግዳው ላይ በቀጥታ ከመሞከር ይልቅ ወፍራም ነጭ ካርቶን ላይ፣ ቢያንስ ክንድ በክንድ አድርገው፣ ሁለት እጅ ይቀቡ። በደንብ እስኪደርቅ ፍርድ አይስጡ፤ በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም እርጥብ ሳለ ፈካ ብሎ ይታያል፣ ሲደርቅ ይጠቁራል። ከዚያ ካርቶኖቹን ከግድግዳ ግድግዳ እያዛወሩ ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ ይዩ። ከሶፋው አጠገብም ያቁሟቸው፤ ሶፋውን አይቀይሩትምና። ሁለት ቀን ይበቃል። በክረምት ደመና የሞከረ ሰው ግን በጋ ሲመጣ ቀለሙ ሞቅ እንደሚል አስቀድሞ ይወቅ።

«ገንዘቡ የእኔ ነው» የሚለው ክርክር አይጠፋም፤ ይገባናልም። በቅዝቃዜ በሌሊት ሥራ የተገኘ ብር ነው። ግን ሳሎን ሁለተኛ ጊዜ ማስቀባት ያንኑ ብር ነው የሚበላው። ቡፌው ይወጣል፣ መጋረጃው ይወርዳል፣ ቀቢው እንደገና ይለመናል፣ እናት የቀለም ሽታ ውስጥ ያድራሉ። ቅሬታውም ይቀራል፤ አንዷ «ብሬ ባከነ» ስትል፣ ሌላው «ሳትጠይቁን» ይላል።

አንዴ ከተመረጠ በኋላ ሙሉውን በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ ሱቅ፣ በአንድ የቅመም ቁጥር ይግዙ። ሒሳቡ ቀላል ነው። 4 በ4 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 2.8 ሜትር የሆነ ክፍል ግድግዳው 45 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ በርና መስኮት ሲቀነስ 40 ይበሉት። ሁለት እጅ ሲቀባ 80 ካሬ ይሆናል። በደንብ በተለሰነ ግድግዳ ላይ 1 ሊትር ወደ 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናልና 8 ሊትር ያስፈልጋል፣ ለመጠባበቂያ 1 ይጨምሩ። ቀለሙን ናይሮቢ ገዝቶ የጎደለውን አዲስ አበባ ለመሙላት ማሰብ አይሆንም፤ ግራጫ ላይ መጋጠሚያው ከሩቅ ይታያል። ከአንድ ባልዲ በላይ ከሆነ ቀቢው ባልዲዎቹን ደባልቆ ይጀምር።

የተረፈችውን ጥሩ ክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጧት፤ ላይዋ ላይ የቀለሙን ስም፣ የቅመም ቁጥሩን፣ ሱቁንና ቀኑን በእስክሪብቶ ይጻፉ። የልጅ ልጆች ግድግዳ ላይ መጻፋቸው አይቀርም።